ተማሪው ነው ያቋረጠው ወይስ እኛ? ከድሬዳዋ ገጠር የአንድ መማሪያ ማዕከል ጉዳይ

በዚህ መድረክ ልማድ፣ ክር የከፈተ ሰው ውይይቱ ሲበርድ የተባለውን ለኋላ መጪዎች በራሱ ቃል ይሰበስባል። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ዕዳው የእኔ ነው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የመልሶቹ ቁጥሮች ግን በመጡበት ቅደም ተከተል ናቸው። እኔን የሚነካውንም አላስቀረሁም።

መነሻ ጽሑፍ

ከድሬዳዋ ወደ ዋሂል ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ፣ ሰባት ሆነን ጎልማሶችን ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ማስተማር ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ሦስቱ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሁለቱ የግል ትምህርት ቤት መምህራን፣ አንዷ ነርስ፣ እኔ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሚከፈለን ነገር የለም፤ የመኪናም ቢሆን ከኪሳችን ነው። ማዕከል እያልን በኩራት የምንጠራት ክፍል የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛው ዕቃ ቤት ነበረች። ሰሌዳዋ ከአሮጌ በር የተሠራች፣ በተወቀጠ የባትሪ ድንጋይ የጠቆረች ናት። ቁልፉ መንገድ ዳር ካለው ባለ ሱቅ ዘንድ ይቀመጣል። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ነው።

ድሬ ሲባል ከዚራና መጋላ የሚባሉት የከተማው ሰፈሮች ብቻ ለሚታያችሁ ላስታውስ፦ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 341,834 ከነበረው የአስተዳደሩ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። የማወራው ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ በሚባሉት ክላስተሮች ስለሚኖረው ስለዚሁ ሕዝብ ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ 41 ሰዎች መዘገብን፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ታኅሣሥ ሲገባ የሚመጡት 14 ብቻ ሆኑ። በሌሎቹ 27 ሰዎች ስም ፊት በቀይ እስክሪብቶ አቋረጠ፣ አቋረጠች እያልኩ የሞላሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉን የጻፍኩት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አቧራ ለብሼና ተናድጄ ስለነበር፣ አርሶ አደሩ የትምህርትን ጥቅም ገና አልተረዳም የሚል አባባል ሳላለዝብ አስቀመጥኩ። ጥያቄዬም ሰውን እንዴት እንደምናቆየው፣ ዘይትና ሳሙና መስጠትም ይጠቅም እንደሆነ ነበር።

1ኛ መልስ። በሐረሪ ክልል ሶፊ ወረዳ ገጠር ተመሳሳይ ሥራ ላይ ያለ ወንድም ነው። ስለ ጤናችን፣ ስለ ቤተሰባችንና ስለ ዝናቡ ጠይቆ ሲያበቃ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አጽናናኝና አንድ ዘዴ አካፈለን፦ እነርሱ ሴቶቹን ወደ ክፍል ከመጥራት ይልቅ ሴቶቹ ራሳቸው ወደሚሰበሰቡበት ወደ አፎቻው፣ እንደ ዕድር ወዳለው መረዳጃ ማኅበራቸው፣ ሄደዋል። በአፎቻው ቀን መዋጮ ተሰብስቦ ወሬው ሳይጀመር፣ የመዋጮውን መዝገብ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ይዘው ሦስት አራት ስምና ቁጥር ያስነብባሉ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት የሚለው ጉዳይ ሁሉንም ስለሚያሳስብ ዓይኑን ከወረቀቱ የሚነቅል እንደሌለ ጽፏል። ይህ መልስ ብቻውን ክሩን ሊዘጋው ይገባ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት የምፈልገው ከቁጣዬ ጋር የሚስማማ ሰው ስለነበር አመስግኜ አለፍኩት።

2ኛና 3ኛ መልሶች። ሁለተኛው በአጭሩ ዘይት ስጡ አለ። ሦስተኛዋ ዘይት ከተጀመረ የሚመዘገበው ለዘይቱ እንደሚሆን፣ እርሷ በምታውቀው አንድ ቦታ ዱቄት በተቋረጠ ሳምንት ክፍሉ ባዶ እንደቀረ፣ ከዚያም የከፋው ዱቄቱ ከመምጣቱ በፊት በፍላጎታቸው ይማሩ የነበሩት ጭምር መቅረታቸው እንደሆነ ጻፈች። ስለ ዘይት የተነሣው ነገር እዚሁ አበቃ።

4ኛ መልስ። የክሩ አቅጣጫ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ቢዮ አዋሌ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ከተማ የምትሠራ እህት ናት። ስለ ጥቅሙ መረዳት አለመረዳት ምንም ሳትል፣ ቅዳሜ በ3 ሰዓት አንዲት የገጠር ሴት የት እንደምትገኝ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀጥላ የእናቷን ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምራ ቆጠረችልኝ። አህያ ተጭኖ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ይጀመራል፤ ወተቱ፣ እንጨቱ ወይም ቲማቲሙ ቀፊራ ገበያ ሲደርስ ፀሐይ ገና እየወጣች ነው፤ ተሽጦ፣ ጨውና ጋዝ ተገዝቶ ቤት ሲገባ 8 ሰዓት ያልፋል፤ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ እራት። የወንዱም ቢሆን ጫቱ በማለዳ ካልተቆረጠ ስለሚጠወልግና ዋጋው ስለሚወድቅ ጠዋቱ የእርሻ ነው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ በርጫ፣ ጫት መቃሚያው፣ አለ። ሴቲቱ አረፍ የምትልበት ሰዓት ቢኖር ከመግሪብ ሶላት በኋላ ያለው አንድ ሰዓት እንደሆነ ገልጻ፣ የትምህርቱን ሰዓት የመረጥነው በእነርሱ ሥራ ሳይሆን በእኛ ዕረፍት መሆኑን በትሕትና፣ ግን ሳትሸፋፍን ነገረችኝ።

5ኛ መልስ። የእኔው ነው። ከምሽቱ በፊት ካልተነሣን ወደ ከተማ የሚመልሰን መኪና እንደማናገኝ ገልጬ ተከራከርኩ። አሁን ሳነበው፣ ከተጠየቅኩት ውስጥ የመለስኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው።

6ኛ መልስ። በሌላ ቀበሌ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ነው፤ ረዘም አድርጎ ጽፏል፤ እኔም ላሳጥረው አልፈለግሁም። በእኛ አገር ረጅሙ ማሽላ ሚያዝያ ላይ ተዘርቶ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። እሸቱ ፍሬ መያዝ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ወፍ ይጠበቃል። ወፍ ጥበቃ ማለት ደግሞ በየመካከሉ ብቅ ብሎ መመለስ አይደለም፤ ከጎህ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲያስጮኹ መዋል ነው። ሰውየው ለአንድ ሰዓት ከማማው ቢወርድ መንጋው የሳምንት እህል ይዞ ይሄዳል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሆኑ ማማው ላይ የሚቆሙት እናትና አባት ናቸው። ታዲያ እኛ የመዘገብነው መቼ ነው? ጥቅምት ላይ። ለምን ቢባል የከተማ ትምህርት ቤት መስከረም ስለሚከፈት፣ እኛም እንደ እርሱ አንድ ወር ዘግየት ብለን ስለጀመርን። ሰውየው ይህን አይቶ፣ አቋረጠ ብዬ የጻፍኩበትን ታኅሣሥ ወር አጨዳ ብዬ ባነበው ኖሮ ቀይ እስክሪብቶ ባላስፈለገኝ ነበር አለ። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ሰፋ እንደሚልም ጠቆመ። በመጨረሻም ዕቃ ቤቱን ስንዋስ የዚያን ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ስለ ወቅቱ አማክረን እንደሆነ ጠየቀ። አላማከርንም። ቁልፉን ተቀብለን ነው የሄድነው።

7ኛና 8ኛ መልሶች። ሰባተኛው ወጣት ይመስላል፤ በ1967 ዓ.ም. ዘመቻ ተማሪዎች ገጠር ገብተው አገሩን ሁሉ ማንበብ አስተማሩ፣ ኢትዮጵያም ከዩኔስኮ ተሸለመች፣ እናንተ ሰባት ሆናችሁ አንድ ቀበሌ አቃታችሁ አለ። ስምንተኛው መልስ የአንድ ጡረተኛ መምህር ነው፤ እርሳቸው ሁለት ነገሮች መቀላቀላቸውን በእርጋታ አረሙ። በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው ዕድገት በኅብረት ነው፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የዘመቱበት፣ ማስተማሩ ከብዙ ሥራዎች አንዱ ብቻ የሆነበት። ሽልማቱን ያስገኘው ግን በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ትምህርቱም ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። መምህሩ በዚያ ዘመቻ ያስተማሩት ሐረርጌ ውስጥ ነው። ሁለት ነገር አስታወሱ። አንደኛ፣ አስተማሪው ከሰፈሩ አይርቅም ነበር፤ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖረው የስድስተኛ ክፍል ልጅም ቢሆን የሚያስተምርበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛ፣ እርሳቸው በነበሩበት ቀበሌ የቀረ ሰው ይቀጣ ስለነበር ክፍሉ ሞልቶ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜውን መሙላት ከዛሬው ጋር ማነጻጸር እንደማይገባ ለሰባተኛው ጸሐፊ አሳሰቡት። በፈቃድ የመጡ 14 ሰዎች በቅጣት ከመጡ መቶ ሰዎች እንደሚበልጡ ማከላቸው ለእኔ ማጽናኛ ይመስላል፤ ግን ከሰባተኛው መልስ በላይ ያሳፈረኝ ይኸው ነው፤ በፈቃድ የመጡትን 27 ሰዎች ምን እንዳደረግኋቸው ገና ማሰብ ጀምሬ ነበርና።

9ኛ መልስ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እናቱ የተማሩ ሰው ናቸው የጻፉት። እናታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ብቻ ሲሆን የተማሩትም በኦሮምኛ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ኦሮምኛው የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቹ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ መማር ሲጀምሩ እናቲቱ በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈውን የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ማንበብ አልቻሉም፤ የሚያነቡት ፊደል ደግሞ የማያውቁት የአማርኛ ቋንቋ ሆነባቸው። ጸሐፊው ሐረርጌ በፊደል ጉዳይ ባለ ታሪክ እንደሆነች፣ ሼክ በክሪ ሳጳሎ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለኦሮምኛ ራሱን የቻለ ፊደል እስከ መቅረጽ እንደደረሱ ካስታወሱ በኋላ፣ በምን ቋንቋና በየትኛው ፊደል እንደምናስተምር ጠየቁን።

ከ10ኛ እስከ 13ኛ መልሶች። እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። አንዱ በአማርኛ የምናስተምር መስሎት ገጠሩን ከቋንቋው ልትነጥሉ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ሌላው የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ሌላ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው ብሎ መለሰለት፤ ሦስተኛው በጀልዴሳ በኩል ሶማሊኛ ተናጋሪው ብዙ እንደሆነ አስታውሶ ሁለቱንም ወቀሰ። ጀልዴሳ ባቡሩ ሳይመጣ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመጣው ቅፍለት ማረፊያ እንደነበረችና ቋንቋ መደባለቅ ለዚያ አካባቢ አዲስ እንዳልሆነ የጻፈው ትክክል ነው፤ የተሳዳቢነት ቃናው ግን አላስፈለገም ነበር። በ13ኛው ላይ ያለውን ላስረዳ ገባሁ። ንባብ የምናስተምረው በኦሮምኛ በቁቤ ነው። አማርኛ የጨመርነው ሁለተኛው ዓመት ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለጠየቁን ነው።

ምን እንደጠየቁ ላብራራ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ቋንቋ የቀደመባቸው ነገር ቁጥር ነበር። አንዲት እናት በመጀመሪያው ቀን ያመጡት ደብተር አልነበረም፣ ስልክ ነበር። ልጃቸው በቴሌብር ገንዘብ ይልክላቸዋል። ገንዘቡን ለማውጣት የምሥጢር ቁጥራቸውን የሚያስገባላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ቁጥሩንም ያወጣላቸው እርሱ ነው፤ እርሳቸው ቁጥራቸውን አያውቁትም። ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ውኃ ሞልቶ እንደሚፈስ ዕቃ ይዘው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ይሄኛውስ ይሄኛውስ አሉኝ። ሌላዋ የጠየቁት ሚዛን ማንበብ ነው፤ ቀፊራ ላይ ነጋዴው 17 ሲል 17 መሆኑን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። ከወንዶቹ አንዱ ደግሞ የዩሪያ ጆንያ ላይ ያለው 50 የሚለው ጽሑፍ የት ጋ እንደሆነ አሳዩኝ አለ። እኔ ግን ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ንጽሕና ጥቅም የሚናገር ባለ አምስት ዓረፍተ ነገር ምንባብ ነበር።

14ኛ መልስ። ስለታም ነው። ጸሐፊው የከተማ ልጆች በጎ ፈቃድ የሚሉት ነገር ከከነቴራና ከፎቶ እንደማያልፍ፣ በክረምቱ የበጎ ፈቃድ ሰሞን ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነሥቶ የሚጠፋ እንጂ በመጋቢት ችግኙን ውኃ የሚያጠጣ እንዳላየ፣ እኛም ከዚያ የተለየን ስለመሆናችን ማስረጃ እንዳላየ ጻፈ። የመክፈቻው ቀን ባነር ይዘን የተነሣነውን ፎቶ ከሆነ ቦታ አግኝቶ ለጥፎታል። በፎቶው ውስጥ ሰባታችንም አለን፤ ከተማሪዎቹ ግን በጠርዙ በኩል የአንዲት ሴት ሻሽ ብቻ ይታያል።

15ኛና 16ኛ መልሶች። አሥራ አምስተኛዋ ጠንከር ባለ ቃል ተከላከለችልን፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚተች ሰው አቧራ ውጦ ከሚመለስ ሰው ጋር እኩል የመናገር መብት እንደሌለው ጽፋለች። በመሐል አንድ መልስ በመድረኩ ኃላፊ ተሰርዟል፤ ስድብ ስለነበረበት ቅር አላለኝም። አሥራ ስድስተኛው ኃላፊው ራሱ ሲሆን፣ ሰውን ትቶ ነገሩን መያዝ እንደሚገባ አሳስቦ ወጣ።

17ኛ መልስ። ከማስታረቅ ብዛት ይመስለኛል፣ ወደ ገጠር ስትሄዱ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዛችሁ ሂዱ የሚል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የድሬ ሙሸበክ ይሻላል የሐረር በሚል አምስት ያህል ሰዎች ቁጥር ሳይሰጣቸው ተከራክረዋል። አልፌዋለሁ፤ አቋም የለኝም ማለት ግን አይደለም።

18ኛ መልስ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው። በማኅበር ተመዝግበን እንደሆነ ጠይቆ፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን 621/2001 ከተካ ወዲህ ነገሩ እንደ ዱሮው እንዳልጠበበ ገለጸ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ያመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሁለት ዓመት መርሐ ግብር ስለሆነ፣ ከእርሱ ጋር ብንቀናጅ የመማሪያ መጽሐፍ ልናገኝ እንደምንችልም መከረ። ጠቃሚ ነው፣ ይዘነዋል።

19ኛ መልስ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጻፈም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ መዝገቡ ላይ ተማሪ የቀረበትን ቀን የምንሞላበት ዓምድ እንዳለ ሁሉ፣ አስተማሪ የቀረበትን ቀን የምንሞላበት ዓምድ አለ ወይ?

የለም። ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም ሥራዬ ሒሳብ ነውና ሳልቆጥር መመለስ አልፈለግሁም። መዝገብ ስላልነበረን የቆጠርኩት ከቴሌግራም ቡድናችን ነው። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ልናስተምር የተስማማንባቸው 26 ቀናት ነበሩ። በዘጠኙ ማንም አልሄደም። ምክንያቶቹ ሁሉ በየመልእክቱ ተቀምጠዋል፦ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የነርሷ የሌሊት ተራ፣ የመምህራኑ የፈተና እርማት፣ የእኔ የሩብ ዓመት ሒሳብ መዝጊያ። አንዱም የማይረባ ምክንያት የለበትም። ሆኖም ከዘጠኙ መልእክቶች አንዱ እንኳ ወደ ቀበሌው አልተላከም፤ እኛ እርስ በርሳችን ይቅርታ ተጠያየቅን እንጂ በሩ ላይ ለቆሙት የነገረ የለም። በሌሎች አምስት ቀናት ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተን ደርሰናል። ገበያዋን ትታ የመጣች ሴት ሁለት ጊዜ የተዘጋ በር ካየች ሦስተኛ ጊዜ ለምን ትመጣለች? ቁጥሩን እንዳለ ክሩ ላይ አስቀመጥኩት።

20ኛና 21ኛ መልሶች። ሃያኛው ከሰባታችን የአንደኛው ነው፤ ይህን መድረክ እንደሚያነብ አላውቅም ነበር። ገመናችንን አደባባይ ማውጣቴን፣ በራሳችን ገንዘብና ጊዜ የምንሠራውን ሥራ ለማያውቁን ሰዎች መሳለቂያ ማድረጌን፣ ቅሬታ ካለኝም ለራሳቸው መንገር እንደነበረብኝ ጻፈ። የመጨረሻው ነጥብ ልክ ነው፤ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ቁጥሩን ግን አላነሣሁትም። ሃያ አንደኛዋ የቢዮ አዋሌዋ እህት ናት፤ ወደ 4ኛው መልሷ መልሳ እየጠቆመች፣ ሰባት ሰዎች ከከተማ እየተመላለሱ ሊጠብቁት የማይችሉትን በር ለሚጠብቀው ሰው ቁልፉን መስጠት ቀላል እንደሆነ አሳሰበች። ቀበሌው ውስጥ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት ያልመጣለት፣ ወደ ጅቡቲ ለመሄድ ሰው የሚያፈላልግ ልጅ ሊጠፋ እንደማይችልም ጨመረች።

22ኛ መልስ። ጡረተኛው መምህር ተመለሱ። በሐሳቡ ተስማምተው አንድ ነገር ግን አጥብቀው ተቃወሙ፦ የከተማው ሰው በነፃ ስላገለገለ የገጠሩ ልጅም በነፃ ያገልግል ማለት ፍትሕ አይደለም። እኛ ደመወዛችንን ከሌላ ቦታ እናገኛለን፤ ልጁ የለውም። ደቦውም፣ በአካባቢው አጠራር ጉዛው፣ ለሚሠራው ሰው ምግብና ጫት ሳያቀርብ ተጠርቶ አያውቅም። ለመኪና የምናወጣውን አጠራቅመን ለልጁ ብንሰጠው ማን ምን ይጎዳል ሲሉ ጠየቁ። ደመርኩት፦ ሰባታችን ተራ በተራ እየተመላለስን በወር ለመኪናና ለምሳ የምናወጣው፣ ለአንድ የሰፈር አስተማሪ የኪስ ገንዘብ ከበቂ በላይ ነው። በወር አንድ ጊዜ እየሄድን ብናግዘው እንኳ ይተርፋል። በዚህ ላይ ከሰባታችን አምስታችን ተስማምተናል፤ ሁለቱ ገና እያሰቡ ናቸው።

23ኛ መልስ። አጭር ነው፤ ግማሹ በቁቤ የተጻፈ ስለሆነ የመድረኩ ኃላፊ ተርጉሞልናል። የጻፈው የባለ ሱቁ ልጅ ነው። የአጎቱ ልጅ ድሬ ሆኖ ክሩን አንብቦ ልኮለታል። እኛ ባልመጣንባቸው ቀናት ሴቶቹ ፀሐይ እስኪከር በሩ ላይ ሲጠብቁ አይቶ ክፍሉን ይከፍትላቸው ነበር። ኋላ ግን ማታ ከሱቁ ጀርባ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ በሶላር መብራት መሰብሰብ ጀምረዋል። ዘጠኝ ሴቶች ይመጣሉ። ቁጥር የሚማሩት በስልክ ቁልፍ ነው፤ ሚዛን የሚማሩት በሱቁ ሚዛን ስኳር እየመዘኑ ነው፤ አባቱ ስኳሩ እስካልጎደለ ድረስ አይከለክልም። እርሱ የጠየቀን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ፓኬት ጠመኔና አዲስ ጓጉንቸር። የአሁኑ አቧራ ገብቶበት በሩን በጉልበት ወደ ላይ ካላነሡት አይከፈትም። ሦስት ዓመት ሙሉ እኛም እያነሣን ስንከፍት ነበር፤ መለወጥ ግን አላሰብንም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፤ ማታውን ከባለ ሱቁ ቤት አደርኩ። ጓጉንቸሩ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሁለቱን ለልጁ፣ አንዱን ለአባቱ ሰጠሁ። መዝገቡንም ይዤ ነበር። ከዘጠኙ ሴቶች ስድስቱ እኔ ያቋረጡ ያልኳቸው ናቸው። ከእነርሱ አንደኛዋ፣ የዚያ የስልኩ ባለቤት፣ በልጅነታቸው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥረው ኖሯል፤ ከእኛ ጋር ሲማሩ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። መዝገቡን ከፊቴ ሳብ አድርገው ስማቸውን ፈለጉ፤ ከዚያ በቀዩ የተጻፈውን በጣታቸው እየተከተሉ፣ አ፣ ቋ፣ ረ፣ ጠ፣ ች፣ እያሉ አንድ በአንድ አነበቡት። ትርጉሙን ልጁ በኦሮምኛ ነገራቸው። ቀና ብለው አዩኝና ማን እንዳቋረጠ ጠየቁኝ።